ወደ ፍጥሞ በሰኔ፦ የግሪክ ደሴት ጉዞ ከመርከቡ ይጀመራል

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው የቪዛ ወረቀት ኮፒ ሳደርግ ኖሬያለሁ። የባንክ ስቴትመንት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ምን ያልገባ አለ። ማን ቪዛ እንዳገኘና ማን እንደተከለከለ ከፊቱ አውቃለሁ። ያገኘው መልሱን ሳይቆጥር ይሄዳል። የተከለከለው የእምቢታ ደብዳቤዋን ይዞ መጥቶ "እቺንም አንድ ኮፒ" ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ተራው የእኔ ሆነ። ጣጣው የመጣው በእማዬ ነው። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ራእየ ዮሐንስ መጀመሪያ ላይ "ፍጥሞ" የምትለዋን ቃል በእርሳስ አስምራባታለች። አንድ ቀን ሱቅ ቁጭ ብላ፣ "ይቺ ፍጥሞ ዛሬም አለች?" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ካርታ ላይ አሳየኋት። ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል።

"መንገድ አላት?"

"መርከብ ነው ያላት።"

"እንግዲያውስ ይኬዳላ!"

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አልሰጠችኝም። እኔም ባሕር ዳር ላይ እግሬን ዘርግቼ የምቀመጥበት ሳምንት አምሮኝ ነበር። ሁለቱ ምኞት አንድ ደሴት ላይ ተገናኘ። ሄድን፣ አየን፣ ተመለስን። መንገድ ላይ የሠራኋቸውን ስሕተቶች እናንተ እንዳትደግሟቸው ነው ይህን የምጽፈው። የፈለጋችሁት ጸሎት ይሁን ዋና፣ አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ደሴቷ

ግሪክ ትንሹንም ትልቁንም ቆጥራ ወደ 6,000 ደሴት አላት ይባላል። ሰው የሚኖርባቸው ግን 227 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ። ጊዜያችሁ ከአንድ ሳምንት ካነሰ ከአቴንስ አጠገብ ያሉትን ያዙ። ኤጊና በፈጣን ጀልባ 40 ደቂቃ ገደማ ናት፤ በፒስታቺዮ ትታወቃለች። ኢድራ ደግሞ መኪና የማይገባባት ደሴት ናት። ዕቃ የሚመላለሰው በበቅሎና በአህያ ነው። ጥሩ አሸዋና መጠነኛ ዋጋ የሚፈልግ ናክሶስ ይሂድ። ነጩን ቤት በሰማያዊ ጉልላት ፎቶ አይታችሁ የቀናችሁባት ሳንቶሪኒ ናት። ውብ ናት፣ ውድ ናት፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የሰው ጫካ ናት። ቀርጤስ ትልቋ ናት። ሄራክሊዮንና ሃንያ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ስላላት መርከብ ለሚፈራ ትመቻለች።

ፓትሞስ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በመርከብ ሰባት ስምንት ሰዓት ትወስዳለች። አለዚያ እስከ ኮስ ወይም እስከ ሳሞስ በርራችሁ ከዚያ በጀልባ ነው። ለእማዬ ይህን ስነግራት "ዮሐንስንም በአውሮፕላን አላመጡትም" አለችና ክርክሩ ተዘጋ።

መቼ ይሻላል?

የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ሐዋሳ ላይ ጃንጥላ ስንይዝ እነሱ ጥላ ፍለጋ ይሮጣሉ። ችግሩ የተማሪ ዕረፍትም ያኔ መሆኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዋጋው ጣራ ይነካል።

በተለይ በፈረንጅ ኦገስት 15 አካባቢ ተጠንቀቁ። የእነሱ ፍልሰታ ነው። የእኛ ነሐሴ 16 ሲሆን የእነሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ይውላል። ግሪክ አገር ያለ ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ወደ ደሴቱ ይሄዳል። ቲኖስ በምትባል ደሴት ምእመናን ከወደቡ እስከ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጣሉ። እዚያ ያለችው ሥዕል የተገኘችው በ1823 እ.ኤ.አ. ነው። ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ መኝታ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያን ቀን ከተማችን ውስጥ የአክስት ልጅ ያለው ብቻ ነው አልጋ የሚያገኘው። ቲኖስም እንደዚያው ነው፣ በዚያ ላይ መርከቡም ይሞላል።

ለፓትሞስ ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ። አንደኛው ፋሲካ ነው። የእነሱ ኦርቶዶክስ ፋሲካና የእኛ በአንድ ቀን ይውላል። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የገዳሙ አበምኔት የ12 መነኮሳትን እግር አደባባይ ላይ ያጥባል። ሕጽበተ እግር ማለት ነው፤ ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 26 ነው፣ የዮሐንስ ወንጌላዊ በዓል። አብዛኛውን ዓመት ከእኛ ደመራ ጋር ይገጥማል። እማዬ ያንን ነበር የፈለገችው። ግን መስከረም ላይ ደብተርና እርሳስ የሚሸጥ ሰው ሱቁን ዘግቶ አይሄድም። የዓመቱ እንጀራዬ ያ ወር ነው። ተከራክረን ሰኔ ላይ ተስማማን።

ሰኔን ወደድኩት። ፀሐዩ አለ፣ ሰው ገና አልጎረፈም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ግን በትንንሽ ደሴቶች ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል፣ መርከቡም ይቀንሳል። ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብላችሁ በጥር እንዳትሄዱ።

መርከቡ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሆቴል ነው። ፎቶውን ያያል፣ ይወደዋል፣ ቀን ይይዛል። ከዚያ ያን ቀን መርከብ እንደሌለ ያውቃል። ወደ ሩቅ ደሴቶች በየቀኑ የማይሄድ መርከብ አለ፣ ቢሄድም ሌሊት የሚደርስ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የመርከቡን ፕሮግራም እዩ። መርከቡ በሚሄድበት ቀን ላይ ሆቴሉን አስቀምጡ፣ በሆቴሉ ላይ አውሮፕላኑን፣ በአውሮፕላኑ ላይ ቪዛውን። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር ይዤ፣ አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር ከሰረዝኩ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ሜልቴሚ ይሉታል። ከሰሜን ይመጣል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ባሕሩ ይናወጣል። ነፋሱ ከመጠን ሲያልፍ የወደብ ባለሥልጣን መርከቦችን ያግዳል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባ ነጂዎቻችን "ነገ ጠዋት ኑ" የሚሉትን አስቡት። ያው ነው፣ እዚያ ግን የሚቀረው ጉማሬ ማየት ሳይሆን አውሮፕላን ነው። እኛም አንድ ቀን ሊፕሲ ወደምትባለው ጎረቤት ደሴት ልንሻገር ወደቡ ላይ ቆመን ነበር። ጀልባ ነጂው ባሕሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። በቃ።

ስለዚህ ከደሴት ወርዳችሁ በዚያው ቀን አገር ቤት የሚያስገባ አውሮፕላን አትያዙ። ቢያንስ አንድ ሌሊት አቴንስ እደሩ። እኔ ሁለት አድርጌዋለሁ። አንዷ ቀን ለነፋስ፣ አንዷ ቀን ለእማዬ እግር። መርከቡ ከተሰረዘ ገንዘባችሁ ይመለሳል ወይም በሌላ መርከብ ያሳፍሯችኋል፤ ያመለጠውን አውሮፕላን ግን ማንም አይከፍላችሁም።

አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርዱ ወደ ፒሬየስ ሁለት መንገድ አለ። ሦስተኛው መስመር ሜትሮ በ9 ዩሮ፣ ኤክስ 96 የሚባለው አውቶቡስ በ5 ዩሮ ከ50 ሳንቲም። ሜትሮው ሌሊት ይቆማል፣ አውቶቡሱ ግን ሌሊትም ይሠራል። ፒሬየስ ወደብ ትልቅ ነው፤ በሮቹ ቁጥር አላቸው። ወደ ፓትሞስና ወደ ሮድስ የሚሄዱት ከኢ-1 በር ነው የሚነሡት። ከሜትሮው ጣቢያ በእግር ሩቅ ነው። ወደቡ ውስጥ በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ፣ እሱን ጠይቁ። እኛ ሳናውቅ ሻንጣ እየጎተትን ግማሹን ሄደን እማዬ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ "እዚሁ ፍጥሞ በሆነች" አለች። ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መርከቡ የሚጠብቀው ሰው የለም።

የምትገቡት መኪና በሚገባበት በር ነው። ሻንጣ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ የየደሴቱ ስም ተጽፏል። የእናንተን ደሴት አይታችሁ አስቀምጡ። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ገንዘብ ግን ከእጃችሁ አይለይ። እማዬ ቆሎና በሶ የያዘውን ቦርሳዋን እዚያ አልተውም ብላ ስምንት ሰዓት ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ልክ ነበረች፤ መርከብ ላይ ያለው ሳንድዊች ውድ ነው። ከትልቅ ሰው ጋር ሌሊት የምትጓዙ ከሆነ ካቢን ያዙ። ከወንበሩ ብዙ ይበልጣል፣ ቢሆንም ወገብ ያተርፋል።

00:55

አሁን ያሳፈረኝን ልንገራችሁ።

የመመለሻ ትኬታችን ላይ "ጁን 24፣ 00:55" ይላል። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ሰዓቱን ወደ እኛ ቀየርኩት። ከሌሊቱ 6 ከ55። ልክ ነኝ። በነገራችን ላይ በበጋቸው የእነሱና የእኛ ሰዓት እኩል ነው፤ ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ብቻ ነው። በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ።

የተሳሳትኩት ቀኑን ነው። ጁን 24 ማክሰኞ ነበር። እኔ የያዝኩት "ማክሰኞ ሌሊት" ብዬ ነው። በእኛ ልማድ ማክሰኞ ማታ ተኝታችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ብትነቁ ገና ማክሰኞ ሌሊት ነው። ረቡዕ የሚሆነው ሲነጋ ነው። በእነሱ ግን ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ማክሰኞ 00:55 ማለት ሰኞ አምሽቶ ማለት ነው።

ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። እማዬ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። እኔ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅያለሁ። የቤቱ ባለቤት፣ ደርባባ ሴት ናቸው፣ መጡና ባላቸው ወደ ወደቡ የሚያደርሱን በስንት ሰዓት ይሁን ብለው ጠየቁ።

"ነገ ነው" አልኳቸው።

"ዛሬ ነው" አሉኝ። ትኬቱን ተቀብለው በጣታቸው አሳዩኝ። "ዛሬ።"

ሰውነቴን ላብ አሰመጠው። ቀጥሎ የሆነውን እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርታዋለች። እርጥቡን ልብስ በጥቁር ፌስታል ጠቀጠቅነው። አንድ ጫማዬ አልጋ ሥር ገብቶ ጠፋ። እማዬ በአንድ እጇ ነጠላዋን እያወዛወዘች ለማድረቅ ትሞክራለች፣ በሌላው ትስቃለች። "ዮሐንስ እንኳ ከዚህ ሲወጣ እንዲህ አልተዋከበም!" ደረስን። መርከቡም 45 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ወደቡ ላይ ቆመን ነጠላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ለነፋሱ ሰጠነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ መርከብ ከያዛችሁ ትኬቱ ላይ ያለውን ቀን ብቻ አትመኑ። ፖስታው ላይ በትልቁ "ሰኞ ማታ አንተኛም" ብላችሁ ጻፉ። ሌላውን ቀን ሁሉ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጉት። ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ የምታጽፉ ሰዎች በተለይ፤ ደብዳቤው ሰኔ 8 ብሎ ሆቴሉ ጁን 8 ካለ አንድ ሳምንት ይዛነፋል።

ወረቀቱ

ይሄ የእኔ ሰፈር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ግሪክ የሼንገን አገር ናት፤ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ ማለት ነው። የምትጠይቁት የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ። የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። ቢከለክሏችሁም አይመለስም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር አይቻልም። መልሱ በ15 ቀን ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለእኛ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። እኔ ለሰኔ ጉዞ በጥር ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ። አሻራ መስጠት ስላለ እማዬን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ከዋዜማው ግቡ። የት እንደሚገባና ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ ከኤምባሲው ራሱ አጣሩ። "እኔ አስጨርስላችኋለሁ" የሚለውን ደላላ ተዉት።

ፓስፖርቱ ከግሪክ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ለሼንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ፣ ከገባችሁበት እስከ ወጣችሁበት ቀን። የአውሮፕላን ትኬት ሳትገዙ ቦታ ማስያዣውን ብቻ አቅርቡ። ሆቴሉንም በነጻ የሚሰረዘውን ምረጡ። በኢስታንቡል ወይም በካይሮ የምታልፉ ከሆነ ሙሉውን መንገድ በአንድ ትኬት ግዙት። አንዱ ቢዘገይ የሚቀጥለው ላይ የማሳፈሩ ዕዳ የእነሱ ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው አንድ ነገር ላይ ነው። ትመለሳለህ ብለው አያምኑም። ደብዳቤውን ስንቴ ኮፒ አድርጌዋለሁ! ስለዚህ የሚመልሳችሁን ነገር አሳዩ። እኔ ንግድ ፈቃዴን፣ የግብር ክሊራንሴን፣ የሱቁን የኪራይ ውልና የልጆቼን የልደት ምስክር ወረቀት አስገባሁ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደመወዝና የፈቃድ ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ፤ "ይመለሳሉ" የምትለዋ ቃል እንዳትቀር። የአማርኛውን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሙ። እማዬ ደመወዝ የላትም፣ ወጪዋን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ያንን በደብዳቤ ገለጽኩ። እናቴ መሆኗን የሚያሳየው የእኔ የልደት ምስክር ወረቀት ነው።

አሁን እቁብ። ለጉዞው ያሰብኩት ገንዘብ እቁብ ነበር። ወጣልኝና 400 ሺህ ብር አንድ ቀን ባንክ ገባ። ስቴትመንቱን ሳወጣው ራሴ ደነገጥኩ። ሜዳ ሜዳውን ሲሄድ የነበረ ሒሳብ ድንገት ታቦር ተራራን ያወጣል። ለቪዛ ሲባል ከሰው የተበደረ ገንዘብ ይህንኑ ነው የሚመስለው። ቆንስላው እቁብ ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለበትም። የእቁቡን ደብተር ኮፒ አደረግሁ፣ ከሰብሳቢው ፊርማ ያለበት ወረቀት አጻፍኩ፣ በግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ገንዘቡን ቀደም ብሎ አስገብቶ ወራት ማስተኛት ነው። እቁባችሁ ላይ ቀደም ያለ ዕጣ ለምኑ፤ ይሄ የሚያስለምን ጉዳይ ነው።

የስም ፊደልም አለ። ባንኩ ላይ በአንድ "ኤስ"፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት "ኤስ" የተጻፈ ስም አይቻለሁ። ባለቤቱ ተመልሶ ባንክ ሲያስቀይር ቀጠሮው አለፈበት። ሁሉም ወረቀት ፓስፖርቱን ይምሰል፣ የመርከቡ ትኬትም ጭምር።

ገንዘብና ሻንጣ

ቪዛና ትኬት ሲኖራችሁ ባንክ ለተጓዥ የውጭ ገንዘብ ይሸጣል። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከሄዳችሁ ትንከራተታላችሁ። ዩሮ ካገኛችሁ ዩሮ ያዙ። ባንኮች ለተጓዥ የሚሰጡትም ካርድ አለ። ትንንሽ ደሴት ላይ ግን ጥሬ ገንዘብ ከኪስ አይጥፋ።

ማደሪያ ላይ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የመንግሥት ክፍያ አለ። በፈረንጅ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር በአንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት፣ 1 እና 2 ኮከብ 2 ዩሮ፣ 3 ኮከብ 5፣ 4 ኮከብ 10፣ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ነው። እዚያው ትከፍላላችሁ። ስንከፍል እማዬ "ይሄ ደግሞ የምን ነው?" አለችኝ። የአየር ንብረት ነው ብላት "አየሩንም ያከራያሉ?" አለች።

ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ይዛችሁ አትሂዱ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት አይፈቀድም። በሶ፣ ቆሎ፣ የተፈጨ ቡና ችግር የለውም። የስልክ ቻርጀራችሁ ሁለት ክብ ጥርስ ከሆነ እንዳለ ይገባል፣ ሌላ ማገናኛ አያስፈልግም።

እዚያ ስትደርሱ

ፓትሞስ ትንሽ ናት፣ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። ወደቡ ስካላ ይባላል። ከላይ ተራራው ላይ ሆራ የምትባለው ነጭ መንደር አለች፣ መካከሏ ላይ እንደ ምሽግ የተገነባው የዮሐንስ ገዳም። በ1088 ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ነው የመሠረተው። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ነው የሚባለው ዋሻ ከስካላ ወደ ሆራ ስትወጡ መንገድ አጋማሽ ላይ ነው። አውቶቡስ አለ፣ ታክሲ አለ፣ የጥንት የድንጋይ መንገድም አለ። ማደሪያ ስካላ ያዙ፤ ሌሊት በሻንጣ ዳገት አትወጡም።

ዋሻው ጠዋት ነው የሚሻለው። ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች የሚመጡበትን ቀን አከራዮቻችሁን ጠይቃችሁ እሱን ቀን ሽሹ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ይሄ ለእኛ ችግር አይደለም። እማዬ በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ደረጃውን ስትወርድ አንዲት የአገሩ አሮጊት የነጠላዋን ጥለት በጣታቸው እያሻሹ አዩት። ቋንቋ አልነበራቸውም። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተግባቡ።

ውስጡ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ጣሪያው ላይ ዐለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ነው የሚሉት ጉድጓድ ዙሪያው በብር ተለብጧል። ሲነሣ እጁን የሚያስደግፍበትም እንዲሁ። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት ነው የሚሉት ዐለትም አለ። ፎቶ አይነሣም። እማዬ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኋት። ስትወጣ የተናገረችው ስለ እርሳሱ ብቻ ነው። "አሁን የት እንዳሰመርኩ ገባኝ።"

የሐዋርያት ጾም ላይ ስለነበርን ምግቡ አሳስቦኝ ነበር። ያለምክንያት ነው። "ኒስቲሲሞ" በሉ፣ የጾም ማለት ነው። ፋቫ የሚሉት አለ፤ እማዬ አንዴ ቀምሳ "ይሄማ ክክ አልጫ ነው" አለች። የተቀቀለ ጎመን በሎሚና በዘይት፣ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ብቻ የእነሱ ጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይፈቅዳል። ገመድ ላይ እንደ ልብስ የተሰጣ ኦክቶፐስ ያየች ቀን እማዬ መንገድ ቀየረች። ሳታዝዙት የሚመጣ ዳቦ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፣ እንዳትደነግጡ።

ቀኑ ረጅም ነው። በሰኔ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። እራት የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ እናንተም ተኙ፣ ወይም ባሕር ግቡ። እኔ ግሪኮስ ላይ እስከ አንገቴ ገባሁ። እማዬ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚት ሰብስባ ዳር ዳሩን ሄደች። ላምቢ የሚባለው የባሕር ዳር ጠጠሩ ቀለም ቀለም ነው፤ ጫማ አድርጉ። አንድ የማያምር ነገር ልጨምር፤ ሽንት ቤት ውስጥ ወረቀት አይጣልም፣ ጎን ባለው ቅርጫት ነው። ቧንቧው ጠባብ ነው።

ስትመለሱ የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን፣ የመርከቡን ትኬትና የሆቴሉን ደረሰኝ አትጣሉ። በቀጠሮው ቀን ለመመለሳችሁ ማስረጃ ናቸው፤ ለሚቀጥለው ቪዛ ይጠቅማሉ። ግን እንዳለ አታስቀምጧቸው። የመሳፈሪያ ወረቀትና ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ነው፤ የሐዋሳ ሙቀት ውስጥ መሳቢያ ላይ ከተዋችሁት በዓመቱ ነጭ ወረቀት ነው የሚጠብቃችሁ። በመጣችሁበት ሳምንት ኮፒ አድርጉት። እኔ የእማዬን ሦስት ኮፒ አድርጌላታለሁ፤ አንዱን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ራእይ ላይ አጥፋ አስገብታዋለች።